ዘሩ በኦክላንድ፣ አዝመራው በላስ ቬጋስ

ይህ ገጽ ስለ አገር፣ ስለ ሥልጣንና ስለ ሕዝብ የምንወያይበት ነው። ዛሬ ግን ስለ ቤዝቦል ልጽፍ ነው። «ይህን ሰው ምን ነካው?» ትሉኝ ይሆናል። ሆኖም ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ጥቂት ታግሣችሁ ብትከተሉኝ፣ ከኳሱ በስተጀርባ ያለው ጉዳይ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ አለመሆኑን ታያላችሁ ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የምኖረው በካሊፎርኒያ ግዛት፣ በኦክላንድ ከተማ ነው። አሜሪካ በገባሁ ሰሞን በመሀል ከተማ በሚገኝ የመኪና ማቆሚያ ሕንፃ ውስጥ የማታ ሠራተኛ ነበርኩ። ባልደረባዬ በዕድሜ አባቴ ሊሆኑ የሚችሉ፣ ወላጆቻቸው ከሉዊዚያና ፈልሰው የመጡ ጥቁር አሜሪካዊ ሽማግሌ ነበሩ። ከትንሿ ሬዲዮናቸው ጋር አይለያዩም። እኔ በልጅነቴ ካምቦሎጆ ገብቼ፣ ካታንጋ ተቀምጬ የጮኽኩ ሰው ነኝና በዱላ ኳስ የሚመታበት ይህ ዝግተኛ ጨዋታ አልገባኝም፤ አልማረከኝምም።

ሴፕቴምበር 4 ቀን 2002 ምሽት ግን ነገሩ ተለወጠ። የኦክላንድ አትሌቲክስ ቡድን 19 ጨዋታዎችን በተከታታይ አሸንፎ ሃያኛውን ከካንሳስ ሲቲ ጋር ይጫወት ነበር። 11 ለ0 ሲመራ ቆይቶ 11 ለ11 ሆነ። በመጨረሻው ዙር ስኮት ሃተበርግ የተባለ ተቀይሮ የገባ ተጫዋች ኳሷን ከአጥሩ ወዲያ ሰደዳት፤ 12 ለ11። ሽማግሌው ከወንበራቸው ተነሥተው አቀፉኝ። በዚያች ከተማ የመጀመሪያዬ የሆነውን እቅፍ ያገኘሁት በቤዝቦል ምክንያት ነው። ከዚያች ሌሊት ጀምሮ «የት ነህ?» ለሚለኝ ሁሉ መልሴ «ኦክላንድ ነኝ» ሆነ። ሰው ዜግነቱን በወረቀት ከማግኘቱ በፊት በልቡ የሚያገኝበት በር አለ፤ የእኔ በር ያ ነበር።

ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት የቡድኑ ደጋፊዎች በሁለት ነገር ሲከራከሩ ኖሩ። አንደኛው አዲሱ ስታዲየም የት ይሠራ የሚለው ነው። ሁለተኛው ቡድኑ ራሱን እንደገና መገንባቱ ነው። ክርክሮቹ የተለያዩ ይመስሉን ነበር። አንድ መሆናቸው የገባን ዘግይቶ ነው።

በመጀመሪያ ስለ ግንባታው ልናገር። በአሜሪካ ስፖርት «ሪቢልድ» የሚሉት አሠራር አለ። ቡድኑ ውድ ኮከቦቹን ለሌሎች ይሰጥና በምትካቸው ያልተፈተኑ ወጣቶችን ይወስዳል። ለጥቂት ዓመታት ሲሸነፍ ይከርማል። የሊጉ ሥርዓት ለደካማው የሚያደላ በመሆኑ፣ በየዓመቱ ከትምህርት ቤት የሚወጡትን ምርጥ ወጣቶች በቅድሚያ የመምረጥ ዕድል በአመዛኙ የሚደርሰው ብዙ ለተሸነፈው ነው። ገበሬ እየራበው የዘር እህሉን እንደማይበላ ሁሉ፣ ደጋፊውም ዛሬን ተርቦ ነገን እንዲጠብቅ ይለመናል። በዚህ ነውር የለም። የዘር እህል ግን የሚዘራው የራበው ሰው ማሳ ላይ መሆን አለበት።

ወደ ስታዲየሙ እንለፍ። በ1966 የተከፈተው ኮሊሲየም አርጅቶ ነበር። በ2013 የፍሳሽ ቆሻሻ የተጫዋቾቹን መልበሻ ክፍል አጥለቅልቆት ዜና ሆኗል። አዲስ ያስፈልጋል በሚለው ሁሉም ተስማማ፤ ጭቅጭቁ «የት?» በሚለው ላይ ነበር። በ2006 ፍሪሞንት ታሰበ፤ ቀረ። ሳን ሆዜ ታሰበ፤ ግዛቱ የሳን ፍራንሲስኮ ቡድን ነው ተብሎ ተከለከለ። በ2017 በሌኒ ኮሌጅ አጠገብ ያለው መሬት ተጠየቀ። እኔ በዚያ ኮሌጅ የማታ ተማሪ ነበርኩ። መምህራን፣ ተማሪዎችና የቻይና ሰፈር ነዋሪዎች ሲቃወሙ፣ ደጋፊ ብሆንም ከእነርሱ ጋር ቆምኩ። የኮሌጁ አስተዳደር ቦርድ በዚያው ዓመት ንግግሩን አቋረጠ። በ2018 ደግሞ በወደቡ ዳርቻ ያለው ሃዋርድ ተርሚናል ተመረጠ።

ዕቅዱ ሲያዩት ያስጎመጃል። በ55 ኤከር ገደማ መሬት ላይ፣ ባሕሩን የሚያይ ስታዲየም፣ 3,000 መኖሪያ ቤቶች፣ ቢሮዎችና ሆቴሎች፤ ጠቅላላ ዋጋው 12 ቢሊዮን ዶላር። ነገር ግን ቦታው ሥራ ላይ ያለ ወደብ አካል ነው፤ በአጠገቡ የጭነት ባቡር በአስፋልቱ መሀል ያልፋል። የወደብ ሠራተኞችና የመርከብ ድርጅቶች ተቃወሙ። ቡድኑ ስታዲየሙን በግል ገንዘብ እሠራለሁ ቢልም፣ ለመንገዱና ለመሳሰለው ግን ከአካባቢው ከሚሰበሰብ ግብር ከ800 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንዲመደብ በ2021 ጠየቀ።

በዚህ ላይ ከሽማግሌው ጋር ተለያየን። ያን ጊዜ ጡረታ ወጥተው ነበር፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ቴሌግራፍ ጎዳና ላይ በሚገኝ የአበሻ ምግብ ቤት እንገናኝና ቡና እንጠጣለን። እኔ እንዲህ አልኳቸው፤ «ይህች ከተማ አንድ ጊዜ ተቃጥላለች። በ1995 ሬይደርስ የተባለውን የእግር ኳስ ቡድን ከሎስ አንጀለስ ለማስመለስ ከተማውና አውራጃው 200 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተበደሩ። ኮረብታውን የሚጋርድ ግዙፍ መቀመጫ ተገነባበት። ቡድኑ በ2020 ወደ ላስ ቬጋስ ሲሄድ ዕዳው ገና አላለቀም ነበር። ሁለተኛ አንታለል።»

እርሳቸውም ስኒውን አስቀምጠው፣ «ልጄ፣ አንተ ሒሳብ ትቆጥራለህ፤ እኔ ደግሞ የሄዱትን እቆጥራለሁ። ወሪየርስ በ2019 ድልድዩን ተሻግረው ሳን ፍራንሲስኮ ገቡ። ሬይደርስ ሄዱ። የቀረን አንድ ነው። አንተ ሌላ አገር አለህ፤ ለእኔ ግን ያለችኝ ይህችው ናት» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ክርክራችን ግን በዚህ አላበቃም፤ በየሳምንቱ ቀጠለ።

የከተማው ምክር ቤት በፌብሩዋሪ 2022 የፕሮጀክቱን የአካባቢ ጥናት አጸደቀ። በቀጣዩ ወር ምን ሆነ? ቡድኑ ማት ኦልሰንን ወደ አትላንታ፣ ማት ቻፕማንን ወደ ቶሮንቶ፣ ክሪስ ባሲትን ወደ ኒው ዮርክ ሸኘ። በ2021 ዓ.ም. 86 ጨዋታ ያሸነፈ ቡድን በ2022 ዓ.ም. 102 ተሸነፈ፤ በ2023 ዓ.ም. 112። ተመልካቹ ከሊጉ ቡድኖች ሁሉ ያነሰ ሆነ። ከዚያም ባዶው ወንበር እንደ ማስረጃ ይጠቀስ ጀመር፤ «ኦክላንድ ቡድን የሚደግፍ ከተማ አይደለችም» ተባለ። በ2019 ዓ.ም. አንድ የማጣሪያ ጨዋታ ለማየት 54,005 ሰው በዚያው ስታዲየም መገኘቱን ያነሣ አልነበረም። ማሳውን ውሃ ነፍጎ «መሬቱ መካን ነው» እንደ ማለት ነው።

በኤፕሪል 2023 ቡድኑ በላስ ቬጋስ መሬት ለመግዛት መስማማቱ ተሰማ። ይህ ሁሉ ሲሆን ስታዲየሙ ላይ የተለጠፈው የቡድኑ መፈክር «ሥረ መሠረታችን ኦክላንድ» የሚል ትርጉም ያለው ነበር።

ጁን 13 ቀን 2023 ደጋፊዎች ያልተለመደ ነገር አደረጉ። አድማ ሲባል መቅረት ነው፤ እነርሱ ግን በመምጣት አደሙ። በሳምንቱ መሀል፣ በሊጉ መጨረሻ ላይ የተቀመጠ ቡድን ሲጫወት 27,759 ሰው ተገኘ። አረንጓዴ ካናቴራ ለብሰናል፤ ደረቱ ላይ «ሽጥ» የሚል አንድ ቃል ብቻ። መልእክቱ ለባለቤቱ ለጆን ፊሸር ነበር። አምስተኛው ዙር ሲጀመር ያ ሁሉ ሕዝብ ዝም አለ። ከዝምታው በኋላ ከበሮው ተመታ፤ «ቡድኑን ሽጠው!» የሚለው ጩኸት ስታዲየሙን አናወጠው። ቡድኑም 2 ለ1 አሸነፈ። ሽማግሌው በአጠገቤ ነበሩ። በዚያው ዕለት የኔቫዳ ሴኔት ለአዲሱ ስታዲየም እስከ 380 ሚሊዮን ዶላር የሕዝብ ገንዘብ የሚፈቅደውን ረቂቅ አሳለፈ። በኖቬምበርም የሊጉ ቡድኖች ባለቤቶች ሽግግሩን በሙሉ ድምፅ አጸደቁ።

በላስ ቬጋስ ታክሲ የሚነዳ የአክስቴ ልጅ ደወለልኝ። «እንግዲህ ቡድናችሁን ላካችሁልን!» ብሎ ሳቀ። ቀጥሎም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «የልጄ ክፍል መምህር አጥቶ በተተኪ ነው የሚማሩት። ገንዘቡ ለዚያ ቢውል ደስ ይለኝ ነበር። ግን ምን ልበልህ፣ 30,000 ሰው ከጨዋታ ሲወጣ ታክሲ ይፈልጋል» አለኝ። እዚያም ያው ክርክር ነው፤ ሰው ከራሱ ጋር የሚከራከረው።

ሴፕቴምበር 26 ቀን 2024 በኮሊሲየም የመጨረሻው ጨዋታ ተደረገ። 46,889 ሰው መጣ። 3 ለ2 አሸነፍን። ማንም ወደ ቤቱ መሄድ አልፈለገም። ከ2025 ጀምሮ ቡድኑ በዌስት ሳክራሜንቶ፣ በአነስተኛ ሊግ ሜዳ ይጫወታል፤ የላስ ቬጋሱ ስታዲየም በ2028 እንዲከፈት ታቅዷል። በስሙ ላይ ከተማ የለበትም፤ «አትሌቲክስ» ብቻ ይባላል። የዓመቱ ምርጥ አዲስ ተጫዋች ተብሎ በ2025 በሙሉ ድምፅ የተመረጠው ኒክ ኩርትዝ የዚሁ ቡድን ነው፤ ሁለተኛ የወጣው ጄኮብ ዊልሰንም እንዲሁ። እነዚህን ልጆች ለመምረጥ ቡድኑ ያን ያህል ቀድሞ የተሰለፈው በ2022ና በ2023 ስለተሸነፈ ነው። የተሸነፈው እኛ ፊት ነበር። ዘሩን ያቆየነው እኛ፤ አዝመራውን የሚሰበስበው ሌላ።

ታዲያ ትክክል ነበርኩ? ይህን ጥያቄ ለመሸሽ ብዙ ሞክሬአለሁ። የሕዝብ ገንዘብ ላይ መጠንቀቁ ዛሬም ትክክል ይመስለኛል። ሆኖም ሽማግሌው ከመጨረሻው ጨዋታ በኋላ፣ «ገንዘቡን አዳንከው፤ ምን ገዛህበት?» ሲሉኝ አሁንም መልስ አጣሁ። ስህተቴ እንዲህ ይመስለኛል፦ እኔ «እንክፈል ወይስ አንክፈል?» ብዬ ስከራከር፣ እርሳቸው «ይቆዩ ወይስ ይሂዱ?» ሲሉ፣ ሁለታችንም ዋናውን ጥያቄ አላነሣንም። ዋናው ጥያቄ፣ ታገሥ የተባለው ሰው በትዕግሥቱ ምን ድርሻ አለው የሚል ነው።

እኛ ይህን ንግግር እናውቀዋለን። «ዛሬን ቻሉት፣ ነገ ያልፍላችኋል» የሚለውን በአገራችን መንግሥታት ሲለዋወጡ ቃሉ ሳይለወጥ ሰምተነዋል። መሥዋዕትነት መጠየቁ በራሱ ክፋት አይደለም። ችግሩ መሥዋዕትነቱ የጋራ፣ የነገው ባለቤትነት ግን የአንድ ወገን ሲሆን ነው። ያለ ውል የተሰጠ ትዕግሥት ስጦታ ነው፤ ስጦታን ደግሞ ተመለስ ማለት አይቻልም።

በ2024 በምዕራብ ኦክላንድ፣ በሬይሞንዲ ፓርክ፣ ኦክላንድ ባለርስ የተባለ አነስተኛ ቡድን መጫወት ጀመረ። ደጋፊዎች አክሲዮን መግዛት ችለዋል። ደረጃው ዝቅተኛ ነው፤ ኮከብ የለውም። በ2025 ዓ.ም. ግን የሊጉ ሻምፒዮን ሆነ። ሽማግሌውን ይዤ ስሄድ ከእንጨት ወንበሩ ላይ ቁጭ ብለው ሬዲዮናቸውን ከኪሳቸው አወጡ፤ ከዚያም መልሰው ከተቱት። ሜዳው ትንሽ ስለሆነ ኳሷ ስትመታ ድምፁ ጆሯችን ድረስ ይመጣ ነበር። «ድርሻ ገዛህ?» አሉኝ። «ትንሽ» አልኳቸው። «ትንሽም ቢሆን ደረሰኙን እንዳትጥለው» አሉኝ።

አልጣልኩትም። ቸር ይግጠመን።