ውሻ ማንሸራሸርም ሥራ ነው?

«ትርፍ ጊዜሽን ምን ትሠሪበታለሽ?» ሲሉኝ «አነባለሁ» ብዬ መገላገል እችል ነበር። ግን ጋዜጠኝነት እየተማሩ እንዴት ይዋሻል? እናላችሁ እኔ ጠዋት ጠዋት፣ ክፍል ከመግባቴ በፊት፣ የሰው ውሻ አንሸራሽራለሁ። በክፍያ። እዚሁ ጎንደር ከተማ ውስጥ።

አዲስ አበባ ቢሆን ብዙም አይገርምም። ኦልድ ኤርፖርትን ወይም ቦሌን የሚያውቅ ሰው፣ በጠዋት ትልልቅ ውሻ እየጎተቱ፣ አንዳንዴም እየተጎተቱ፣ ከየግቢው የሚወጡ ዘበኞች ሳያይ አይቀርም። ውሻ መንከባከብ ቤተ መንግሥት ድረስ የገባ ሥራም ነው። አፄ ኃይለ ሥላሴ ሉሉ የምትባል ትንሽ ውሻ ነበረቻቸው። ፖላንዳዊው ጋዜጠኛ ሪሻርድ ካፑሽቺንስኪ እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሉሉ የሸናችበትን የመኳንንት ጫማ መጥረግ ብቻ ሥራው የነበረ አገልጋይ እንደነበር ጽፏል። መጽሐፉ እውነትና ፈጠራ ይቀላቅላል ተብሎ ብዙ ስለተተቸ እንደ ዜና እንዳትወስዱት። እኔ ግን ስሰማው «ይኸው፣ የሥራ ባልደረባ አገኘሁ» ብያለሁ።

የእኔ ሥራ የተጀመረው ማራኪ አካባቢ አክስቴ ሰፈር ነው። ጎረቤቷ እትዬ (ስማቸውን ልተወው) አንድ ጀርመን ሼፐርድ አላቸው። ከቡችላነቱ ጀምሮ ሁለት ሜትር በማትሞላ ሰንሰለት ታስሮ ያደገ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ይጮኻል። ሰፈሩ እንቅልፍ አጥቶ «መርዝ እናበላዋለን» እስከማለት ደርሶ ነበር። እሳቸውም ቢሆኑ ምግቡን በረጅም እንጨት ገፍተው ነው የሚሰጡት። የራሳቸውን ውሻ ይፈሩታል ማለት ነው።

እኔ ደግሞ ያደግሁት ደባርቅ ነው። እዚያ ውሻ አይታሰርም። ከከብቱ ጋር ወጥቶ ከከብቱ ጋር ይገባል። ይህ ውሻ እብሪተኛ ሳይሆን እግሩን የተነፈገ እንደሆነ ገባኝ። ሁለት ሳምንት ያህል ዳቦ እየወረወርኩ፣ እየቀረብኩ፣ አጠገቡ ቁጭ ብዬ ሀንድአውት እያነበብኩ ለመድኩት። ከዚያ አንድ ጫማ ሰፊ ከቆዳ የአንገት ማሰሪያና አፉን የሚሸብብ ነገር ሠራልኝና ከጠዋቱ 12 ሰዓት ይዤው ወጣሁ። በሦስተኛው ሳምንት የሌሊቱ ጩኸት ቀነሰ። እትዬ «እረ ጉድ! አስማት ነው የሠራሽበት?» አሉኝ። አስማት ሳይሆን ድካም ነው፤ ሲሮጥ ያረፈደ ሌሊት ይተኛል። እሳቸው መክፈል ሲጀምሩ ሁለት ሰዎች ተከተሉ።

ዋጋዬ ለአንድ ዙር 60 ብር ነው። አንዱ ዙር ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። ሦስት ውሾች በሳምንት ሦስት ሦስት ቀን ይወጣሉ፤ 540 ብር ይሆናል። ለፎቶ ኮፒ፣ ለሞባይል ካርድና ለሳሙና ይበቃኛል። የዶርም ጓደኞቼ ግን ማሾፋቸውን አልተውም። «ውሻ በበላበት ይጮኻል፣ አንቺ ደግሞ ውሻ በበላበት ትበያለሽ» ይሉኛል። ጥሩ ቀልድ ስለሆነ እኔም እስቃለሁ።

ትልቁ ችግር መንገድ መምረጥ ነው። ጎንደር የ44ቱ ታቦት አገር ናት። በየትኛውም ጎዳና ብትታጠፉ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ በዚያ ሰዓት ደግሞ ነጠላ የለበሰ ምእመን አጥር እየተሳለመ ነው። ውሻ ወደ ቅጽር አይቀርብም። ስለዚህ የኪዳንና የቅዳሴ ሰዓት አጥንቻለሁ፤ ለጥምቀት ሰሞን ጭራሽ አልወጣም። ቅዳሜ ገበያንም አልነካም፤ የሰፈር ውሾች ተሰብስበው ይጠብቁናል። በተረፈ አንድ ያልጠበቅሁት ጥቅም አግኝቻለሁ። በዚያ ጨለምለም ባለ ሰዓት ብቻዋን የምትሄድ ሴት ስንት ነገር እንደምትሰማ ሴት አንባቢዎቼ ታውቃላችሁ። ጀርመን ሼፐርድ ይዤ ስሄድ አንድም ወንድ «እህት» ብሎኝ አያውቅም።

እማየ ነገሩን የሰማችው ከአክስቴ ነው። ደውላ «ልጄ ዩኒቨርሲቲ ገባች ብዬ በአገሩ አውርቼ፣ አንቺ ውሻ ጎታች ሆንሽ?» አለችኝ። ስለ ብሩ አስረዳኋት። ዝም አለች። ቆይታ ግን «የተከተቡ ናቸው?» ብላ ጠየቀችኝ። ለምን እንደጠየቀችኝ አውቃለሁ።

ልጅ ሳለሁ ሰፈራችን አንድ እረኛ ልጅ ውሻ ነከሰው። ቁስሉ ትንሽ ነበር። የባህል መድኃኒት ተደረገለት፣ ቁስሉ ዳነ፣ ሁሉም ረሳው። ከሁለት ወር በኋላ አተኮሰው። ውሃ ሲቀርብለት ጉሮሮው እየተያዘ ይንቀጠቀጥ ጀመር። እማየ ከሚያስታምሙት አንዷ ነበረች። ሳምንት አልሞላውም።

የእብድ ውሻ በሽታ አንዴ ምልክቱን ካሳየ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል። ምልክቱ ከመታየቱ በፊት ግን መከላከል ይቻላል። ቁስሉን ወዲያው በውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ማጠብ፣ ከዚያ ሳይውሉ ሳያድሩ ጤና ተቋም ሄዶ ክትባት መጀመር ነው። ሉዊ ፓስተር በእብድ ውሻ የተነከሰውን የ9 ዓመት ልጅ ጆሴፍ ማይስተርን ከትቦ ያተረፈው እ.ኤ.አ. በ1885 ነው። የእኛ ሰፈሩ እረኛ በዕድሜ ከዚያ ልጅ ብዙም አይበልጥም ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት በሽታው በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰው እንደሚገድል ይገምታል፤ ከ100 ሰው 99ኙ የሚያዘው ከውሻ ነው። ድርጅቱ እንደሚለው የአንድ አካባቢ ውሾች 70 በመቶ ከተከተቡ ደግሞ በሽታው መተላለፊያ ያጣል።

ነገሩ ለሰው ብቻም አይደለም። የሰሜን ተራሮች ላይ ከብት ተከትሎ የሚወጣ ውሻ የሚውለው ቀይ ቀበሮ አይጥ በሚያድንበት ሣር ላይ ነው። ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በቀር የለም፤ ለአካለ መጠን የደረሱት ከ500 አይበልጡም ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2003 ባሌ፣ ዌብ ሸለቆ ውስጥ ከውሾች የተጋባው ይኸው በሽታ ከሸለቆው ቀበሮዎች ሦስት አራተኛውን ያህል ጨርሷል። ደባርቅ ሳለሁ ቱሪስቱ ሁሉ ሊያያቸው ሲመጣ አይቼ ነበር። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ በኮሮናውም በጦርነቱም የተነሳ እንግዳው ሳስቷል። ውሻው ግን ዛሬም ወደ ተራራው ይወጣል።

ስለዚህ ሕጌ አንድ ነው፦ የክትባት ካርድ ያላሳየ ውሻ አልይዝም። ቡችላ ሦስት ወር ሲሞላው ይከተባል፣ ከዚያ በየዓመቱ ይደገማል። መጀመሪያ የተከተበ ደግሞ ክትባቱ እስኪይዝለት አንድ ወር ገደማ ይጠብቃል። የእንስሳት ሕክምና የሚማር ጓደኛዬ ነው ያስተማረኝ። ሦስቱንም ውሾች ክሊኒክ የወሰድኳቸው ራሴ ነኝ። ለዚያ አላስከፈልኩም።

ባለፈው ወር አንድ ባለ ትልቅ ግቢ ሰው አስጠሩኝ። ሁለት ውሾች አሏቸው። ለአንዱ ዙር 100 ብር፣ በሳምንት ሦስት ቀን። 600 ብር መሆኑ ነው፤ ካለኝ በላይ። ካርድ ጠየቅኋቸው።

«የግቢ ውሻ ምን ይነካዋል ብለሽ ነው?» አሉኝ።

«ጋሼ፣ እኔ ይዤው ስወጣ እኮ የግቢ ውሻ መሆኑ ይቀራል» አልኳቸው። «ክሊኒክ እኔ ልውሰድልዎት፣ ወር ጠብቀን እንጀምር።»

«አስብበታለሁ» ብለው በሩን ዘጉ። እስከ ዛሬ አልደወሉም። በዚያ በኩል ሳልፍ ውሾቹ ከአጥሩ ሥር አፍንጫቸውን ያወጣሉ። እኔ የያዝኩት ሼፐርድ ይቆምና ያሸታቸዋል፤ ገመዱን አሳጥሬ ስቤው አልፋለሁ።