ከቢዮ አዋሌ እስከ ቀፊራ

ወደ ድሬዳዋ የሚመጣ እንግዳ፥ ይልቁንም ታኅሣሥ 19 ወይም ሐምሌ 19 ቁልቢ ገብርኤልን ሊሳለም የተነሣ ምእመን፥ ከተማዪቱን የሚያያት በጥድፊያ ነው። አድሮ፥ ጥሙን ቆርጦ፥ የደንገጎን ዳገት ለመውጣት ይቸኩላል። እኔ ግን በዚህች ከተማ ፊደል ሳስቆጥር ብዙ ዓመት ስለ ኖርሁ፥ ስለ ትንንሾቹ ሱቆቿና ስለ ባለቤቶቻቸው፥ ከዚያም በገበያዋ ስለ ተማርሁት አንድ ነገር ጥቂት ልጽፍላችሁ ወደድሁ።

ድሬዳዋ የንግድ ልጅ ናት። ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ ሐረር እንዲደርስ ታስቦ ሳለ፥ ተራራው አስቸጋሪ ስለ ሆነ በግርጌው ባለው ሜዳ በኩል አለፈ፤ በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ በደረሰበት ስፍራም ከተማዪቱ ተቆረቆረች። ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው ዘግይቶ በ1909 ዓ.ም. ነው። በደቻቱ ወንዝ ወዲህና ወዲያ ሁለት ሠፈሮች አደጉ፤ ከዚራ በቀጥተኛ ጐዳናዎቹና በዛፎቹ ጥላ፥ መጋላም በጠባብ መንገዶቹና በገበያው ይታወቃሉ። ኦሮሞው፥ ሶማሌው፥ አማራው፥ ሐረሪው፥ ጉራጌው፥ ዓረቡ፥ ሕንዱ፥ ግሪኩና አርመኑ በዚህ ተጐራብተው ነገዱ።

ከገበያዎቹ ሁሉ እኔ የምወደው ቀፊራን ነው። በቅስት በተሠሩት በሮቹ የገባ ሰው በርበሬውን፥ እርዱን፥ ሄሉን፥ ቴምሩን በየማዳበሪያው ተከምሮ ያያል። ከጧት ጀምሮ ይጫጫል፤ ፀሐይ ሲበረታ ግን የከተማው ሱቅ አብዛኛው መዝጊያውን ይዘጋል፥ ባለቤቱም ያርፋል፤ ወደ ዐሥር ሰዓት ገደማ እንደ ገና ይከፍታል። በጾም ወራት ከአንዲት ጐረቤቴ የምስር ሳምቡሳ እገዛለሁ። ደንበኛዬ የሆኑት ልብስ ሰፊ ሽማግሌ ከሱቅ በረንዳ ላይ መኪናቸውን ዘርግተው የተማሪዎችን ደንብ ልብስ ይሰፋሉ፤ አባቱ የሞተበት ልጅ ሲመጣ ዋጋውን በጆሮው ይነግሩታል እንጂ ጮኸው አይናገሩም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ ግን የዕጣን ነጋዴው ነው። ሰውዬው እስላም ናቸው። ዕጣኑን ለቤተ ክርስቲያን እንደምወስደው ስለሚያውቁ፥ ሚዛኑ ከተስተካከለ በኋላ አንድ እፍኝ ይጨምሩበታል። አንድ ቀን፥ «ሐጂ፥ ይህ ስለ ምንድር ነው?» ብላቸው፥ «አቦ፥ ለፈጣሪ ቤት የሚሄድ ነገር በልክ ብቻ ይሰፈራል እንዴ?» አሉኝ። ይህን ቃል ሰምቼ ደስ እያለኝ ከሱቃቸው በወጣሁበት ቀን ነው ያሳፈረኝ ነገር የደረሰው።

ጊዜው ከፋሲካ በኋላ ነበር። ለልጆቼ ወተት ልገዛ ከአንዲት ባልቴት ፊት ቆምሁ። የጠየቁኝ ዋጋ የሚበዛ አልነበረም፤ እኔ ግን እንደ ልማዴ ተከራከርሁ፤ ፀሐይ እየገፋ እንደ ሆነ፥ ወተቱም በሙቀት እንደሚበላሽባቸው ዐውቄ ቆየሁባቸው። በመጨረሻ ባልሁት ዋጋ ሰጡኝ። ስሄድም፥ «እስከ ጰራቅሊጦስ ረቡዕም ዓርብም ትጠጣላችሁ፤ ለልጆችህ እንዳይቀርባቸው ተመለስ» አሉኝ። ጾማችንንና ፍስካችንን ከእኛ ልጆች ይልቅ ጠንቅቀው ያውቁ ኖሯል፤ በዐቢይ ጾም አምሳ አምስት ቀን የክርስቲያን ገዢ ሲርቅባቸው በችግር የቈጠሩት ነውና። የዕጣን ነጋዴው ከሩቅ ሲያዩኝ ኖሮ፥ «መምህር፥ እኒያ ሴትዮ ከቢዮ አዋሌ ነው የመጡት» ብለው ብቻ ዝም አሉ።

ቢዮ አዋሌ ከድሬዳዋ የገጠር ቀበሌዎች አንዱ ነው። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ፥ በዚያ ለሚያስተምር ወዳጄ መጻሕፍት ላደርስ ወጣሁ። ቢዮ በሶማሊኛ ውሃ ማለት ነው፤ እኔ ግን ያየሁት የደረቀ የአሸዋ ወንዝ፥ የማሽላ እርሻ፥ በቋጥኝ መካከል ቅጠል የሚለቅሙ ፍየሎችን ነው። ከባልቴቲቱም ደጅ ደረስን። ዶሮ ሳይጮኽ ይነሣሉ፤ ያልባሉ፤ በጨለማ ይወርዳሉ፤ ከገበያው ሲመለሱም ጀሪካን ይዘው ወደ ውሃ ይሄዳሉ። እኔ በክርክር ያስቀረሁባት ብር የአንድ ደብተር ዋጋ እንኳ አትሞላም ነበር፤ በዚያ ቤት ግን ደብተር የሚያስፈልጋት የልጅ ልጅ አየሁ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ቀፊራ ወርጄ፥ «አዴ፥ ያን ጊዜ በድዬዎታለሁ» ብዬ የጐደለውን ዘረጋሁላቸው። የዕለቱን ዋጋ ብቻ ተቀበሉ። «ያኛውን እኔው ራሴ ሸጬልሃለሁ፤ ያለቀ ገበያ ነው» ብለው በጠርሙሱ አፍ ላይ ምራቂ ጨመሩልኝ። ምራቂና ምርቃት ከአንድ ግስ መውጣታቸውን ለተማሪዎቼ ስንት ጊዜ አስተምሬአለሁ፤ ትርጓሜው የገባኝ ግን በዚያች ቀን ነው። ብሩን ግን አልመለስሁትም፤ ለልጅቱ ደብተር ገዝቼ በወዳጄ እጅ ሰደድሁላት።

የእነዚህ ትንንሽ ነጋዴዎች ኑሮ በነፋስ ፊት እንዳለ መብራት ነው። ሐምሌ 29 ለ30 ሌሊት 1998 ዓ.ም. ከደጋው የወረደው ጎርፍ ደቻቱን ሞልቶ ከ200 በላይ ነፍስ አጠፋ፤ ቤትና ሱቅም ጠራርጎ ወሰደ። ደግሞ በአሮጌው ባቡር መንገደኛ ይኖሩ የነበሩ ብዙዎች፥ ያ አገልግሎት ሲደክም እንጀራቸው ቀጠነ፤ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የአዲሱ ባቡር ጣቢያም ከከተማው ወጣ ብሎ ነው። ይህን ሁሉ ችለው ዛሬም በየማለዳው መዝጊያቸውን ይከፍታሉ።

ስለዚህ፥ የተወደዳችሁ አንባብያን፥ ቁልቢን ለመሳለም ስትመጡ ግማሽ ቀን ለቀፊራ አትርፉ። ዕጣናችሁን ከትንሹ ሱቅ ግዙ፤ ልጃችሁንም ይዛችሁ ግቡ፥ ሚዛን እንዴት እንደሚያዝ ይመልከት። በትልቁ መደብር የተጻፈውን ዋጋ ዝም ብለን ከፍለን፥ ሌሊት ተጕዛ ከመጣች እናት ጋር ስለ ጥቂት ሳንቲም የምንሟገት ከሆነ፥ ሚዛናችን ተዛብቷል። እኔ ይህን በመቅደስ ቆሜ ብዙ ጊዜ ሰምቼው ነበር፤ ያስታወሰኝ ግን የአንድ ዕጣን ነጋዴ ዝምታና የአንዲት ባልቴት ምራቂ ነው። እግዚአብሔር የሁላችንንም መውጫና መግቢያ ይባርክ። አሜን።