ዝርዝሩ የማይናገረው፦ ለኤአይ ወኪሎች ስለሚጻፍ የጥቃት ሙከራ መግለጫ

የጥቃት ማስመሰያ ወይም ሲሙሌሽን የሚባለው የሳይበር ደህንነት አሠራር፣ አንድ ተቋም እውነተኛ አጥቂ ሳይደርስበት በገዛ ኔትወርኩ ላይ የአጥቂን አካሄድ ደረጃ በደረጃ እያስመሰለ፣ መከላከያው የቱን እንዳገደና የቱን እንዳሳለፈ የሚመዘግብበት ልምምድ ነው። ሙከራዎቹ በአብዛኛው የሚመደቡት ማይተር የተባለው የአሜሪካ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2015 ለሕዝብ ይፋ ባደረገው «አታክ» በተሰኘው የአጥቂዎች ስልት መዝገብ መሠረት ሲሆን፣ የተከማቹት ሙከራዎች ሲበዙ የትኛው መቼ ተካሂዶ ምን ውጤት እንዳስገኘ የሚያሳይ ዝርዝር አውጪ መሣሪያ ያስፈልጋል። አንትሮፒክ የተባለው ኩባንያ በኅዳር 2017 ዓ.ም. ሞዴል ኮንቴክስት ፕሮቶኮልን፣ ማለትም የኤአይ ሞዴሎች ከውጭ መሣሪያዎች ጋር የሚገናኙበትን የጋራ ደንብ፣ ካወጣ ወዲህ ይህን ዝርዝር የሚጠይቀው ሰው ብቻ ሳይሆን ወኪል፣ ማለትም የተሰጠውን ሥራ ለመፈጸም መሣሪያዎችን ራሱ እየመረጠ የሚጠራ የኤአይ ፕሮግራም፣ ጭምር ሆኗል።

ለሰው የሚጻፍ ማኑዋል ጎዶሎ ቢሆን አንባቢው ባልደረባውን ይጠይቃል ወይም ይጠራጠራል፤ ወኪሉ ግን ስለ መሣሪያው የሚያውቀው በአብዛኛው የተጻፈለትን መግለጫ ያህል ነው፣ ያልተጻፈውንም በግምት ይሞላዋል። ስለዚህ መግለጫው የመሣሪያው አንድ አካል እንጂ በኋላ የሚለጠፍ ማብራሪያ ተደርጎ ሊታይ አይገባም፤ ከሚናገረው ይልቅም መሣሪያው የማያደርገውን መናገሩ ይበልጥ ይፈለጋል።

የአዲስ አበባዋ ቦሌ መግለጫ ዝም ሲል የሚያስከትለውን በከባድ ዋጋ ታውቀዋለች። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ተነስቶ በስድስት ደቂቃ ውስጥ ቢሾፍቱ አቅራቢያ የተከሰከሰውና 157 ሰዎች ያለቁበት የኢትዮጵያ አየር መንገድ የበረራ ቁጥር 302 ቦይንግ 737 ማክስ፣ የአውሮፕላኑን አፍንጫ በራሱ ወደ ታች የሚደፋ ኤምካስ የተባለ ሥርዓት ነበረው። አምራቹ፣ ቀደም ብሎ የኢንዶኔዥያው ላየን ኤር ተመሳሳይ አውሮፕላን እስኪወድቅ ድረስ፣ ይህን ሥርዓት በአብራሪዎች ማኑዋል ውስጥ አልገለጸውም ነበር፤ በግንቦት 2011 ዓ.ም. ደግሞ የማክስ ሲሙሌተር ሶፍትዌር አንዳንድ የበረራ ሁኔታዎችን አስመስሎ ማሳየት የማይችል እንደነበር አመነ። ያ ጥፋትና የኮምፒውተር ሙከራ በክብደት ፈጽሞ አይወዳደሩም፤ ይሁን እንጂ ማኑዋሉ ስለ ምን ዝም እንዳለና ሲሙሌተሩ የቱን እንደማያሳይ አለመጻፉ በሁለቱም ዘንድ አንድ ዓይነት ጉድለት ነው።

ወደ ዝርዝር አውጪው ሲመለሱ «የጥቃት ሙከራዎችን ይዘረዝራል» የሚለው ባለ ሦስት ቃል መግለጫ ምን ያህል እንደሚያሳስት በአንድ ጥያቄ ማየት ይቻላል። በቦሌ ያለ የባንክ የደህንነት ባለሙያ ወኪሉን «የመጋቢትን ሙከራዎች አምጣልኝ» ቢለው፣ ወኪሉም መጋቢትን ማርች ብሎ ከማርች 1 እስከ 31 ቢጠይቅ፣ መጋቢት በአብዛኛው ከማርች 10 እስከ ኤፕሪል 8 ስለሚዘልቅ፣ የየካቲት የመጨረሻ 9 ቀናት ሳይፈለጉ ይገባሉ፣ የመጋቢት የመጨረሻ 8 ቀናት ደግሞ ይቀራሉ፤ ሪፖርቱ ግን እንከን የሌለው መስሎ ለአለቃ ይቀርባል። «ትናንት ማታ 3 ሰዓት» ሲባልም እንዲሁ ነው፤ ባለሙያው በፈረንጅ ሰዓት 21፡00ን ሲያስብ መሣሪያው 03፡00ን ይፈልጋል። መግለጫው የትኛውን የዘመን አቆጣጠርና የትኛውን የሰዓት አቆጣጠር እንደሚቀበል በግልጽ ካልጻፈ ስህተቱን የሚያስተውል አይኖርም።

ከዚህ የማይተናነሰው የገጽ ጉዳይ ነው፤ መሣሪያው በአንድ ጊዜ የተወሰነ ቁጥር ብቻ የሚመልስ ከሆነና ቀሪው በሚቀጥለው ገጽ እንዳለ ካልተነገረው፣ ወኪሉ የመጀመሪያውን ገጽ ሙሉ ዝርዝር አድርጎ ይወስደዋል። ባዶ ዝርዝርም ሙከራ አልተካሄደም ማለት እንጂ ክፍተት የለም ማለት አይደለም። ሁሉም ጥቃት «ታግዷል» የሚል ዝርዝር እንኳ ስለ ሌላው አደጋ ምንም አይናገርም፤ ለምሳሌ ደንበኞች ከሒሳባቸው በላይ ገንዘብ ያወጡበት የመጋቢት 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ችግር፣ ባንኩ ራሱ እንዳስታወቀው፣ የሳይበር ጥቃት ሳይሆን ውስጣዊ የሲስተም ችግር ነበር።

መዘርዘርና ማስጀመር የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸውም በግልጽ መስፈር አለበት፤ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ ወይም ከተሰጠ ፈቃድ በላይ ወደ ኮምፒውተር ሥርዓት መግባትን በወንጀል ያስቀጣልና፣ ወኪሉ ዝርዝር ሲጠየቅ ሙከራ ቢያስነሳ ተጠያቂው ማሽኑ አይሆንም። የዝርዝሩ ይዘት ራሱ ምስጢር ነው፤ ያልታገዱት ሙከራዎች ተሰብስበው የሚገኙበት ገጽ ለአጥቂ የተዘጋጀ ካርታ ስለሚሆን፣ ማን ሊያየው እንደሚችል ሊወሰን ይገባል። በሙከራዎቹ ስምና ውጤት ውስጥ የሚገኝ ጽሑፍም መረጃ ብቻ እንጂ ትእዛዝ ተደርጎ እንዳይወሰድ መግለጫው ቢያሳስብ መልካም ነው፤ ይህ ማሳሰቢያ ግን ብቻውን መከላከያ ስለማይሆን ወኪሉ ሙከራ የማስጀመር ሥልጣን ባይሰጠው ይሻላል።

በጎሮው አይሲቲ ፓርክ የመረጃ ማዕከላት፣ በቦሌ ባንኮችና የክፍያ ድርጅቶች ውስጥ እንዲህ ያሉ መሣሪያዎችን የሚያገናኙ ባለሙያዎች፣ ወኪሉን ሥራ ከማስጀመራቸው በፊት ሥራውን ለማያውቅ አንድ ሰው መግለጫውን ብቻ ሰጥተው «የመጋቢትን ሙከራዎች አውጣ» ይበሉት፤ ግራ የተጋባበትን ቦታ ሁሉ እዚያው መግለጫው ላይ ይሙሉት።