ሚስማር የሚይዝ እንጨት

አስተማሪ ሆኜ በተመደብሁበት በመጀመሪያው ዓመት ለትምህርት ቤቱ አግዳሚ ወንበሮች የማሠራት ኀላፊነት በእኔ ላይ ወደቀ። እንጨቱ በክረምት የተቈረጠ ባሕር ዛፍ ነበረ። ሽማግሌው አናጢ ሳንቃውን ዳሰስ አድርገው፣ «መምህር፣ ይህ ገና ውኃውን አልጨረሰም፤ ጥቂት ይታገሡኝ» አሉኝ። እኔ ግን መስከረም ስለ ደረሰ፣ «አባቴ፣ ሚስማሩ እንደ ሆነ ያለ ችግር ይገባል፤ ይጨርሱልኝ» ብዬ አጣደፍኋቸው።

በእውነትም ሚስማሩ በሁለት በሦስት ምት ይሰምጥ ነበር። በጋው ሲገፋ ግን እንጨቱ ደርቆ ተኰማተረ፤ ሚስማሩን አንቆ የያዘው ሥጋውም ላላ። አንድ ቀን በንባብ ሰዓት አንዱ ወንበር ከነልጆቹ ወደቀ፤ የአንድ ትንሽ ልጅ ክንድም ተሰበረ።

ወደ ሽማግሌው ሥራ ቤት የሄድሁት ወቀሳ ጠብቄ ነበር። እርሳቸው ግን ሚስማር የተመታባቸውን ቍራጭ እንጨቶች አቅርበው ጉጠት አስጨበጡኝና «ይንቀሉ» አሉኝ። ከዋንዛው ብዙ ሳልደክም ነቀልሁት። ዋንዛ ገር ስለ ሆነ ሚስማር ሲገባበት እምብዛም አይሰነጠቅም፤ ቢስቡት ግን ቶሎ ይለቃል። ወይራ ላይ ደረቁን እንጨት ያለ ዝግጅት ቢመቱት ወይ ሚስማሩ ይጐብጣል፣ ወይ እንጨቱ ይሰነጠቃል። እርሳቸው ግን አስቀድመው ከሚስማሩ በቀጠነ መሰርሰሪያ በስተውት ነበርና፣ ላብ እስኪያጠምቀኝ ብታገል አልነቀነቅሁትም። በሳንቃው ጫፍ በኩል የተመታው ሚስማር ደግሞ ከእንጨቱ ጅማት ጋር አብሮ ስለሚሄድ፣ በጐን ከተመታው ይልቅ በቀላሉ ወጣ።

በኋላ በመጽሐፍ እንዳየሁት፣ አንድ ሜትር ኩብ ደረቅ ወይራ 1000 ኪሎ ግራም ያህል ሲመዝን ዋንዛ የዚያን ግማሽ ያህል ይመዝናል። እንጨት በጠጠረ መጠን ሚስማርን አጥብቆ ይይዛል፤ ነገር ግን የሚቀበለው በትዕግሥት ለቀረበው ነው። በቀላሉ የተቀበለ ሁሉ አጥብቆ ይይዛል ማለት አይደለም።

አዲሶቹ ወንበሮች በደረቀ እንጨት፣ ቀዳዳቸው አስቀድሞ እየተበሳ ተሠሩ። ልጁ ክንዱ ድኖ በተመለሰ ዕለት፣ ከመቀመጡ በፊት ወንበሩን በደኅና እጁ ነቅነቅ አደረገው። ዛሬም አንድ ሥራ በችኰላ እንዲፈጸም ለማዘዝ ስነሣ ያች ትንሽ እጅ ትታየኛለች።