የገብስ ቡቃያና የሐበሻ ዶሮ፤ ከጎንደር እስከ ዳባት

ከጎንደር ከተማ ወደ ደባርቅ የሚሄደው መንገድ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መንገዱ ሽቅብ ይወጣል። ኮሶዬን፣ አምባ ጊዮርጊስን፣ ዳባትን ያልፋል። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ያህል ነው፤ ደባርቅ ግን 2,800 ሜትር ያህል ይሆናል። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር ጤፉ ይቀራል፤ ገብሱ ይበዛል። ብርዱም ይበረታል።

እኔ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ከዳባት ወጣ ብላ ባለች መንደር ማታ ማታ ፊደል አስተምራለሁ። በጥር ወር ከጎንደር ስመለስ አንድ ነገር አይቼ መጣሁ። በከተማው በአንድ ዶሮ አርቢ ቤት ገብስ ያለ አፈር በትሪ ላይ በቅሏል። ምንጣፍ ይመስላል። ሥሩ ነጭ፣ ቅጠሉ አረንጓዴ ነው። የተማሩት «ሃይድሮፖኒክ» ይሉታል፤ በውሃ ብቻ ማብቀል ማለት ነው። ሰውየው «1 ኪሎ ገብስ በሳምንት 6 ኪሎ ይሆናል» አለኝ። እኔም አመንኩ።

መንደር ደርሼ ነገሩን በትምህርት ሰዓት አወራሁ። ከተማሪዎቼ በዕድሜ የሚበልጡት እናት ሳቅ አሉ።

«ልጄ፣ ይሄማ ብቅል ነው!»

እውነታቸውን ነው። ገብስ ዘፍዝፎ፣ በቅጠል ሸፍኖ ማብቀልን የደጋ ሴት ከማንም በላይ ታውቃለች። የጠላው ብቅል ሥር ሲያወጣ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ይኸኛው ግን ቅጠል እስኪያወጣ ይቆያል። ልዩነቱ ይኸው ነው።

አብረን ሞከርን። 1 ኪሎ ገብስ አበጠሩ፤ አጥበው አንድ ሌሊት ዘፈዘፉት። ታቹ በተበሳ አሮጌ ትሪ ላይ አሰጡት። ጧት፣ ቀትርና ማታ ውሃ እንረጫለን። ሌሊቱ ስለሚበርድ ከምድጃው ብዙ ሳይርቅ አስቀመጥነው። በ8ኛው ቀን በሱቅ ሚዛን 5 ኪሎ ተኩል ሆነ። እኔ ደስ አለኝ። እሳቸው ግን ዝም አሉ። የዚያ ቤት ገብስ ክረምቱን የሚያሻግር አልነበረም።

«የልጆቼን ቆሎ ለዶሮ ከሰጠሁ ትርፉን ልወቅ» አሉ። ቡቃያውን እንደ ብቅል ፀሐይ ላይ አሰጡት። በደንብ ሲደርቅ እንደገና አስመዘኑት። ከ1 ኪሎ አነሰ።

«ውሃውን ነው የመዘንከው» አሉኝ።

አፈርኩ። ገብስ ሲበቅል በውስጡ ካለው ምግብ ጥቂቱን ራሱ ይጨርሰዋል። የሚጨምረው ክብደት ውሃ ነው። ስለዚህ ቡቃያ እህልን አይተካም። ቡቃያ ብቻ የምትበላ ዶሮ ትከሳለች።

ታዲያ ለምን ይጠቅማል? በበጋ ግቢው ይደርቃል። ዶሮ የምትለቅመው ለምለም ነገር አታገኝም። ያን ጊዜ ከእህሉ ጋር እፍኝ ቡቃያ ብናክልላት ቪታሚን ታገኛለች። ወቅቱ ደግሞ የሁዳዴ ጾም ነው። በ55ቱ ቀን የዶሮ ዋጋ ይወርዳል፤ ለፋሲካ መልሶ ይወጣል። የሐበሻ ዶሮ ለሥጋ የሚደርሰው ቀስ ብሎ ነው፤ ስድስት ወርና ከዚያም በላይ ይፈጃል። እንግዲህ ለፋሲካ የሚሸጠው አውራ ዶሮ የሚቀለበው በእነዚሁ በደረቁ ወራት ነው።

ቡቃያው ከሻገተ ጣሉት፤ ለዶሮም ለከብትም አይሆንም። መድኃኒት የተቀባ የዘር ገብስም አታብቅሉ፤ መርዝ ነው። ቅጠሉ ሲረዝም ዶሮዋ ጉሮሮ ሥር ሊቋጠር ይችላል። ስለዚህ ለዶሮ ሳይረዝም፣ በ5ኛው ቀን ገደማ መስጠት ይሻላል። ፈንግል ከገባ ግን ቡቃያም እህልም አያድንም። መላው አስቀድሞ ማስከተብ ነው። ክትባቱ እዚሁ አገር፣ ቢሾፍቱ ይሠራል። የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጠይቁ።

እኚያ እናት አሁን ለቡቃያ ብለው ገብስ ከጎተራ አያወጡም። ለጠላ ብቅል ሲያበቅሉ ሁለት እፍኝ ለብቻ ያስቀራሉ። ከትሪው በላይ በግድግዳው ላይ ከ1 እስከ 5 በከሰል ይጽፋሉ። በየቀኑ አንዱን ይሰርዛሉ። በመጀመሪያው ጊዜ 4ን ገልብጠው ጽፈውት ነበር። እኔ ሳላርማቸው ራሳቸው አይተው አጠፉትና እንደገና ጻፉት።