በጦር ኃይሎች የታሰበች አንዲት የዳዊት ቃል

በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው፥ ከአያት ተነሥቶ አዲስ አበባን ወደ ምዕራብ የሚያቋርጠው የቀላል ባቡር መስመር የሚያበቃው በጦር ኃይሎች ነው። ስሙን ከሰፈሩ ጋራ የሚጋራው ሆስፒታልም በዚሁ አካባቢ ይገኛል። በጠያቂ ሰዓት በዚያ የቆመ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚያየው እጅን ነው። ምሳ ዕቃ ያንጠለጠለው፥ ፔርሙስ ያቀፈው፥ አጥሚት የያዘው ሁሉ ሰዓቱ ሳያልፍበት ለመድረስ ይቻኮላል። ይህንም ሳይ በግእዙ 67ኛ፥ በዕብራይስጡ 68ኛ በሆነው መዝሙር ስለ ኢትዮጵያ እጆች የተነገረው ትዝ አለኝ።

«የተዘረጋ እጅ የለማኝ እጅ አይደለምን?» ብለው የሚጠይቁ ተማሪዎች አሉ። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም፤ ልጅ ስለ አገሩ የሚያስበው በመልሱ ይለወጣልና። መዘርጋት የሚለው የአማርኛችን ልማድ ነው። በዕብራይስጡ ያለው ግሥ ግን «ታሪጽ» ነው፤ ሥሩም መሮጥ ስለ ሆነ ፍችው ማስሮጥ፥ ማፋጠን ይሆናል። ደግሞ ሌላ ችግር አለበት፤ ግሡ በሴት አንቀጽ ተነግሮ ሳለ እጆች የሚለው ቃል በወንድ ተዘርዝሯል። የጽርዕ ተርጓሚዎች ዝርዝሩን ወደ ሴት አስማምተው፥ ግሡንም ቀድሞ በመድረስ ፈቱት። ግእዛችንም ተከትሏቸው «ታበጽሕ» አለ፤ ታደርሳለች ማለት ነው።

መጻሕፍታችን በጽርዕ በኩል እንደ መጡ ለማስረዳት ከዚህ ከተማ መውጣት አያሻም። ከአዲስ አበባ ክፍለ ከተሞች አንዱ ኮልፌ ቀራንዮ ይባላል፤ ቀራንዮ የጽርዕ ቃል ነው፥ ራስ ቅል ማለት፤ አይሁድ ጎልጎታ የሚሉት።

እንግዲህ እንደ አባቶች ልማድ «አንድም» ብለን የጸሎት እጅ ነው፥ አንድም የሚፈጥን እጅ ነው ብንል ሁለቱም ያስኬዳል። ልመና ግን ከዕብራይስጡም ከግእዙም አልተገኘም። በዙሪያው ያለውን ይመልከቱ፤ ከፍ ብሎ ነገሥታት እጅ መንሻ ያቀርባሉ፤ ጦርነት ወዳድ አሕዛብም ይበተናሉ (በጦር ስም በሚጠራ ሰፈር ይህን ማሰብ ይገርማል)። ቀጥሎ ከግብጽ የሚመጣ አለ። የሚመጣውን የሚያመለክተው «ሐሽመኒም» የሚለው ቃል በዕብራይስጥ መጻሕፍት አንድ ጊዜ ብቻ ስለ ተጻፈ ሊቃውንትን አከራክሯል፤ ጽርዑና ግእዙ መልእክተኞች ሲሉት፥ ከዘመናችን ተርጓሚዎች አንዳንዶቹ ናስ ብለውታል። መልእክተኛም ይሁን ናስ፥ ከኢትዮጵያ እጅ ቀድሞ የተጠራው ባዶ እጁን አልመጣም።