ሰሙ

የታላቅ ወንድሜ ሚኒባስ የአምስት ነፍስ እንጀራ ናት። ሞተሯ እየጋለ ሲያስቸግር መካኒኩ፣ «ቴርሞስታት ለፈረንጅ አገር ብርድ የተሠራ ነው፤ አውጥተን እንጣለው» አለ። አልተዋጠልኝም።

ይህች ትንሽ ዕቃ በሆዷ ሰም ይዛለች፤ ወርቁን ለባለቅኔ ትተን ሰሙን እንይ። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ውሃው ወደ ራዲያተር እንዳይሄድ በሩን ትዘጋለች፤ 82 ዲግሪ ግድም ሰሙ ቀልጦ ሲያብጥ ትከፍታለች። ብትወጣ ሞተሩ በወጉ ሳይሞቅ ነዳጅ ይፈጃል፤ ተዘግታ ከቀረች ቴስታታው ሊጣመም ይችላል።

አሮጌዋንና አዲሷን በአንድ ድስት ጣድናቸው። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ነውና ለፈተናው ይበቃል። አዲሷ አፏን ከፈተች፤ አሮጌዋ እንደ ድንጋይ ዝም። ሞተሩ ቀዝቅዞ ስለነበር ያንኑ ማታ ለወጥናት። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ወንድሜ ተራ ሊይዝ ወጣ።